ለእታለም ይዤው የመጣሁት ወሬ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፤ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የእታለም ባለቤት ጋሼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጠዋት ጠዋት በራችሁ ላይ ክላክስ የማንባርቅባችሁ ወላጆች በሙሉ፤ እግዜር ያጽናን።

ድምፄ ከፍ ካለ ይቅር በሉኝ። ቀብር ላይ እንዲህ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ወሬ ይዣለሁ፤ ደግሞ ደስ የሚል ወሬ ነው። አለቃ የምንላትን ልጃችንን ትምህርት ቤት ተቀበሏት ወይስ መለሷት? እታለም ይህን ስትጠብቅ ነበር። ትናንት ልነግራት ደወልኩ፤ አልደረስኩባትም። ስለዚህ እዚሁ፣ በእናንተ ፊት እነግራታለሁ። አለቃንና አባቷንም እኔ እስክናገር ዝም በሉልኝ ብያለሁ።

እኔ ሾፌር ነኝ። የሕፃናት ማእከሉን ሚኒባስ ነው የምነዳው። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ ጡንቻቸው ይገተራል፤ አንዳንዶቹ ሰው ሲነካቸው ይደነግጣሉ። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ክፍል የማነሳቸው በእነዚህ ክንዶቼ ነው። ታዲያ የእታለምን ሥራ ከእኔ በላይ ማን ይመሰክራል? ጠዋት እንደ ጣውላ ደርቃ የተቀበልኳት ልጅ ከሰዓት ትከሻዬ ላይ ጋደም ትላለች። ማን አሻት? እታለም። በምን? በሞቀ ዘይትና በሁለት እጆቿ።

ወጌሻ ሲሏት ትቆጣ ነበር። እኔ አልጠግንም፣ አልፈውስም፤ ሰውነታቸው ትንሽ ፋታ እንዲያገኝ ማሳጅ አደርጋለሁ፣ ሌላውን ሐኪም ጠይቁ ትል ነበር። እጇ ለስላሳ ነው፤ ምላሷን ግን ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል። አንድ ቀን ወገቤን ያዝ አድርጎኝ፣ እስቲ እኔንም እሺኝ ብላት፣ ዕድሜህ ወደ ስምንት ዝቅ ሲል ና ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

የመኪናውን ቁልፍ ነገር ልንገራችሁ። አለቃ የምንላት ያቻት፣ አባቷ አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ያለችው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁላችንንም ታዝዘናለች። እግሮቿ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ። አንድ ቀን ሰዓቱ ሄዷል፣ ሌሎቹ ልጆች መኪና ውስጥ ይነጫነጫሉ፣ እኔ ክላክሱን አቀልጠዋለሁ። እታለም ወጣች። በዘይት የራሰ እጇን በመስኮት ሰደደች፣ ቁልፌን ነቅላ ተመለሰች። ደሜ ፈላ። ተከትያት ገባሁ። ምን እየሠራች ነበር? ምንም። አለቃ ፊት እጆቿን ዘርግታ ቁጭ ብላለች።

"ልጀምር ወይ ብያታለሁ፤ እያሰበችበት ነው" አለችኝ።

ሃያ ደቂቃ። አለቃ እሺ እስክትል ሃያ ደቂቃ። እኛ ይህቺን ልጅ ስናነሳት ስናስቀምጣት የኖርን ሰዎች ነን። አንድ ቀን ጠይቀናት እናውቃለን? እኔ አላውቅም። አፈርኩ፣ ቁልፌንም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

አባቷም ይሰማኛል፤ ስሙ ላማው ነው። ግንበኛ ነው፤ መዳፉን ሲሚንቶ በልቶታል። እግሯን በጉልበት ሊያቃና ሲጎትት እታለም ደረሰችበት። በጎተተ ቁጥር ይብስባታል። የዛገ በር መሰለህ እንዴ ብላ ጮኸችበት። ከዚያ እጁን በእጇ ይዛ አስተማረችው። ጠይቅ፣ አሙቅ፣ ቀስ በል። ስድስት ወር ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ አቧራው ከፀጉሩ ሳይራገፍ እየመጣ ተማረ።

ይህ ሁሉ ለምን ነበር? ርዕሰ መምህሯ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ከቻለች እንቀበላታለን፣ ካልቻለች ለከርሞ ብላ ነበር። አለቃ ያኔ አሥር ደቂቃ አትሞላም። እታለም ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና፣ ልቧ ደክሞ፣ ፈተናው እንዳለቀ ደውልልኝ አለችኝ። ትናንት እንዳለቀ ደወልኩ። ጋሼ አነሱት። ከኋላቸው ልቅሶ ይሰማል። ገባኝ።

አሁን ስሙኝ። አባቷ መኪናዬ ውስጥ እግሯን በሞቀ ፎጣ ጠቀለለ። ጠየቃት፣ እሺ አለችው፣ ቀስ አድርጎ አሻት። ክፍል ይዟት ገባ። የእንጨት ወንበር፣ ከጀርባዋ አንድ ትራስ። እኔ በመስኮት አያለሁ። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ሃያ አምስት ላይ እግሯ መገተር ጀመረ። አባትየውን ላብ አጠመቀው። ዘሎ ሊያነሳት ነው ስል ተንበረከከ።

"ልንካሽ?" አላት።

አለቃ አሰበች። እንደ ልማዷ አሰበች። የእኔ ነፍስ ልትወጣ ነው። ከዚያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። መዳፉን ጭኗ ላይ አሳረፈ። አልሳበም፣ አልተጫነም፣ ዝም ብሎ ያዘ። እግሯ ላላ። ሠላሳ። ሠላሳ አምስት። አርባ። ደወሉ ተደወለ።

ርዕሰ መምህሯ በቃ የኔ ልጅ፣ አልፈሻል፣ አሁን አባትሽ ያንሳሽ አለቻት። አለቃ ቃል ስታወጣ ጊዜ ይፈጅባታል። ክፍሉ በሙሉ ጠበቃት።

"ቀጥሎ... ምንድን ነው... የምንማረው?" አለች።

እታለም፣ ቀጥሎ ሒሳብ ነበር። ግማሹን ወንበሩ ላይ፣ ግማሹን አባቷ ጭን ላይ ሆና ተማረችው። ተቀብለዋታል እህቴ። ሰኞ ትጀምራለች። ደህና ሁኚ።