ከመምህር ደምሴ ጫንቃ ያላወረድሁት ድንጋይ

መምህር ደምሴ ሽፈራው ከአባታቸው ከአቶ ሽፈራው ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ አበበ በ1950 ዓ.ም. በቀወት ወረዳ ተወልደው፣ ፊደልን ከደብር ቆጥረው፣ በደብረ ብርሃን በመምህርነት ሠልጥነው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሸዋ ሮቢትን ልጆች አማርኛ አስተምረዋል። ወይዘሮ ፋናዬንም አግብተው ዮናስንና ትዕግሥትን አፍርተዋል። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን አንዳች ሳልደብቅ ጽፌ በቀብራቸው እንዳነብ በኑዛዜ ያዘዙት እኔን አበልጃቸውን፣ የዮናስን የክርስትና አባት፣ ባለ ምግብ ቤቱን ሀይሉን ነው። ጽሑፌን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙ ነበር፤ ዛሬ ብሳሳት የሚቆጣኝ የለም።

ከትምህርቱ ሁሉ ልቦለድ ማስተማር ይወዱ ነበር። በየዓመቱ በፈተና ወረቀታቸው ላይ፣ በመከራ ተይዞ ወዳጁን አሳልፎ የሰጠ ገጸ ባሕርይ ለምን እንደ ተለወጠ ይጠይቁና፣ ፈርቶ ነው ብሎ ለመለሰ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ሰጥተው፣ ፍርሃት ምክንያት አይሆንም ብለው ከግርጌው ይጽፉ ነበር።

በ1998 ዓ.ም.፣ ከምርጫው በኋላ በነበረው ውጥረት፣ ዐሥራ አራት ቀን በተከታታይ ፖሊስ ጣቢያ እየተጠሩ ሲመረመሩ ሰንብተው፣ ካልፈረሙ ዮናስ እንደሚታሰር በተነገራቸው ዕለት፣ ሀይሉ በምግብ ቤቱ ወጣቶችን ለሁከት አደራጅቷል የሚል፣ ውሸትነቱን የሚያውቁትን ቃል ፈረሙ። እኔ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ታሰርሁ። እርሳቸው ያንን ጥያቄ ከፈተናው አላወጡትም፤ ፈርቶ ነው ላለ ተማሪ ግን ሙሉ ነጥብ ይሰጡ ጀመር።

ስፈታ እንደ አገሩ ደንብ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ደጄ ቆሙ። ድንጋዩን ማውረድ የተበዳይ ነውና እኔ በሩን ዘግቼ በዚያ የቆላ ፀሐይ እስከ ቀትር አቆምኋቸው። በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስቱንም ዘጋሁ። የፈረሙት ለክርስትና ልጄ ብለው እንደ ነበር እያወቅሁ አልራራሁም። እስር ቤት ስገባ ሳቂታ ሰው ነበርሁ፤ ስወጣ ግን የሽማግሌ ሽበት የማያሳፍረኝ ጨካኝ ሆኜ ነበር።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲሠቃዩ ቆይተው ሲደክሙ፣ ወይዘሮ ፋናዬ እንድደርስላቸው ላኩብኝ፤ እኔም የአጣዬ ገበያ ይለፍ ብዬ ቀጠርሁ። ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በገበያው ዕለት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አበልጄ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ዘግይቻለሁ። እኔ የዘጋሁብዎትን በር መድኃኔዓለም ይክፈትልዎት፤ ነፍስዎንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልዎት። አሜን።