ኦሪኤ ታያት የነበረችው ጠብታ

የዝናቡ ወር እንደ ገባ፣ የሚያፈስብኝን የወረቀት ጃንጥላ ይዤ ጎረቤቴ ካንጂሮ ዘንድ ጎራ አልሁ። ጃንጥላ ሠሪው ሽማግሌ ከእህቱ ልጅ ከቺዙሩ ጋር ሙግት ገጥሞ ደረስሁ። ልጅቱ በጊፉ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ የምታጠናው የውሃ ጠብታ ነው፤ መጀመሪያ ስሰማ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ሆኜ እንኳ፣ ስቄ ነበር።

«ይኸው አራተኛው ተመላሽ!» አለች ጃንጥላዬን አይታ። «አጎቴ፣ ወረቀቱ የተቀባው ዘይት ሳይደርቅ እኮ ነው የሚሸጡት።»

«አሥራ ሁለት ፀሐያማ ቀን ቆጥሬ ነው ከማስጫው ያወረድኩት!»

«አክስቴ ቀን ትቆጥር ነበር?»

የካንጂሮ ሚስት ኦሪኤ አርባ ዓመት ሙሉ በተቀባው ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ታሳርፍና የቀርከሃውን ዘንግ በጥፍሯ መታ አድርጋ «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ትል ነበር። ምን እንደምታይ ጠይቋት አያውቅም። በጥር ስትሞት እውቀቷ አብሯት ተቀበረ። የሰፈራችን በሽታ ይህ ነው፤ ሁላችንም በአንድ ሰው ዓይን ተማምነን እንኖራለን።

«እሷ ያየችውን ስልኬ ቀርጾ በዝግታ ያሳየናል» አለች ቺዙሩ። «መጨረሻ ላይ ደርሷል ያለችውን ጃንጥላ ያምጡልኝ።»

«እሱን ውሃ ሊነካው? ጤናም የለሽ! የእሷ እጅ ያረፈበት እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ካንጂሮ፣ ኦሪኤ እኮ ለዝናብ ደርሷል ነው ያለችው» አልሁ ጣልቃ ገብቼ።

«መምህር፣ እርስዎ ስለ ራስዎ ጃንጥላ ያስቡ» አለኝ። ግን ተነሥቶ አመጣው።

ቺዙሩ ያሳረፈቻት ጠብታ በኦሪኤ ጃንጥላ ላይ ድቡልቡል ብላ ተቀመጠች። ዘንጉ ሲመታ፣ በስልኩ ላይ ወዲያና ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ተወዛወዘች። በእኔው ጃንጥላ ላይ ግን ጠፍጣፋ ሆና፣ ጠርዟ ወረቀቱን ሙጭጭ ብሎ ይዞ፣ አራት ጊዜ ተንቀጥቅጣ ቀረች።

«ዘይቱ በደንብ ከደረቀ ወረቀቱ ጠብታዋን አይዛትም» አለች ቺዙሩ። «ስለዚህ ቶሎ አትቆምም። አሁን ማንም ሰው ቆጥሮ ማወቅ ይችላል።»

ካንጂሮ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ይህን ነበር የምታየው? አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምነው አንድ ቀን አሳዪኝ ባልኳት!» አለና አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ቀን መቁጠር ቀረ። ሁለት ጎረቤት ሴቶችም ፍተሻውን ተምረው ሥራው በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ አበቃ፤ ተመላሽ ጃንጥላም የለም። ካንጂሮ ግን ወረቀቱ ደርሷል ከተባለም በኋላ ከቦታው አይነሣም።

«ቺዙሩ፣ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» ይላታል። «አርባ ዓመት ሙሉ ያላየሁላትን ልይላት።»