የዕድሩ ቁልፍ

ከብዙ ዓመት በኋላ ሚዛን ተፈሪ ተመልሼ፣ ቀባሪ እንዳላጣ ብዬ ለሰፈሩ ዕድር ልመዘገብ ሄድኩ። «ሲሞቱ ማን ይጸልይልዎት? ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» አሉኝ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በየነ። «የለኝም። ያላየሁትን ሳልፈራ ደስ ብሎኝ ኖሬያለሁ፤ የሰውም አልነካሁም» አልኳቸው። ጎረቤቴ ወርቄ «ማተብ የሌላት!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። በቃ፣ ሬሳዬን የሚያነሳ የለም ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሳሁ።

«ይቀመጡ እንጂ እትዬ!» አሉ ጋሽ በየነ። «የድንኳኑና የድስቱ ዕቃ ቤት ቁልፍ ጴንጤው ዘንድ ሲሆን ኦርቶዶክሱ ያኮርፋል፤ ኦርቶዶክሱ ዘንድ ሲሆን ሙስሊሙ። እርስዎ የሚያዳሉለት ወገን የለዎትም። ደግሞ እኛስ ብንሰርቅ ንስሐ እንገባለን፤ እርስዎ የት ይገባሉ?» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ተመዘገብኩ፤ ቁልፉም እጄ ገባ።

በጥቁር ክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ትናንት ወርቄ ትልቁን ድስት ልትወስድ መጣች። ዓይኗን ክሩ ላይ ተክላ፣ «እግዚአብሔርን! ነገ እመልሰዋለሁ» ብላ ማለችልኝ።

«እሱን እኔ አላውቀውም» አልኳት፤ «የማውቀውን ዋስ ጥሪ።»