ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርድ ጣቃ

ሐጂ ከይረዲን በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ጨርቅ ሲነግዱ የሸበቱ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ነጋዴ ናቸው። አንድ ጉድለት ቢኖርባቸው ያልለመዱትን ሁሉ ቅንጦት ማለታቸው ነው። የወንድማቸው ልጅ ሙኒራ ሊሴ በሚባለው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት መማሯንም እንደዚያው ነበር የሚቆጥሩት።

ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 በተባለው ሰፈር ባለው መጋዘናቸው ጣቃ ጨርቅ በደረጃ አይወርድም ነበር። አንዱ ከአንደኛ ፎቅ መስኮት ይለቃል፤ ጥሩሰው የተባለው ሠራተኛ ከታች ሆኖ በእጁ ይቀልባል። የሰፈሩም ልማድ ይኸው ነው። አሁን ግን መጋዘኑ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስለተዛወረ፣ ቅለባው በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ሊጀመር ነው።

ከተማው ጫት ላይ በተቀመጠበት የሙቀት ሰዓት፣ ሐጂ አዲሱን መጋዘን ሊያዩ ሲሄዱ ሙኒራን ግቢው ውስጥ አገኟት። ሞባይሏን ጡብ ላይ አስደግፋ እየቀረጸች፣ በርጩማ ላይ ቆማ ድንች ትጥላለች።

«ምነው ልጄ፣ በምግብ ይቀለዳል እንዴ?»

«ቀልድ አይደለም አጎቴ። የሚወድቅ ነገር እንዴት እንደሚጓዝ በግራፍ ሣሉ ተብለን ነው።»

«መውደቅ ደግሞ ትምህርት ሆነ? እኔ ሳልማር ስንቴ ወድቄአለሁ።»

ሙኒራ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እኔን ያስጨነቀኝ የጥሩሰው ነገር ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ የሚመጣውን ጣቃ በእጁ አይችለውም።»

«ለምን አይችል? ጣቃው ያው ነው። መንገድ ላይ ክብደት አይጨምርም።»

«ክብደቱስ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ፍጥነቱ ነው። እስቲ ግድግዳውን ይመልከቱልኝ።»

ግድግዳው ላይ ድንቹ በየእኩል ጊዜው የደረሰበትን ቦታ በጠመኔ ነጥባዋለች። ጊዜው ወደ ቀኝ፣ ርቀቱ ወደ ታች ነው። አካሄዱ አንድ ዓይነት ቢሆን ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ በተቀመጡ ነበር። እነሱ ግን እየጎበጡ ቁልቁል ይጣደፋሉ።

ሐጂ ሥዕል ባያምኑም ስንዝራቸውን ያምናሉ። ተጠግተው በነጥቦቹ መካከል ያለውን የቁልቁል ርቀት ለኩ። ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ ሁለተኛው አንድ ስንዝር፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አምስት ሆነ። ደግመው ለኩ፤ ያው ሆነ።

«ጊዜው እኩል ነው አልሽኝ?»

«አዎ አጎቴ፣ እኩል ነው።»

«እንግዲያ በቆየ ቁጥር እርምጃው ይረዝማል ማለት ነው» አሉ ሐጂ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ሆነው። እውቀት ከሌላው አፍ ሲሰሙት ይከራከሩታል፤ ከራስ አፍ ሲወጣ ግን ወዴት ይሸሹታል? ሆኖም ሐጂ በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

«ቢሆንም ድንች ሌላ፣ ጣቃ ሌላ።»

«ካዘዙኝ እንሞክረው።»

ጥላ ሥር ጋደም ያለው ጥሩሰው ተነሥቶ ባዶ የእንጨት ሣጥን መስኮቱ ሥር አስቀመጠና ከሐጂ ጎን ራቅ ብሎ ቆመ። ሙኒራ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ጣቃውንና ድንቹን መስኮቱ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ በአንድ ላይ ገፋቻቸው። እኩል ደረሱ። ድንቹ መሬት ላይ ተፈጠፈጠ፤ ሣጥኑም ከጣቃው ሥር ተሰነጣጥቆ ቀረ።

ጥሩሰው ስንጥሩን ትክ ብሎ ተመለከተ። «ሐጂ፣ ነገ እዚያ ሣጥኑ ቦታ የምቆመው እኔ ነበርኩ።»

ሐጂ ደነገጡ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። «አፉ በለኝ ወንድሜ» አሉት።

«አፉ ብያለሁ ሐጂ።»

ከዚያ ሙኒራ ስትወርድ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ትምህርትሽን ቀጥዪ ብዬ አልፈቅድልሽም፤ እለምንሻለሁ» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ መዘውር ተሰቀለ፤ ጣቃውም በገመድ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ሥራው ትንሽ ቢዘገይም ጨርቁ አፈር አይነካም፤ ጥሩሰውም ማታ ትከሻውን ሳያሽ ይተኛል። ውሎ አድሮ ጎረቤቶቹም ገመድ ገዙ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን ግን ማዶ ያለው ባለሱቅ ሳይተርባቸው አላለፈም።

«ሐጂ፣ ዘንድሮ ፈሩ እንዴ?»

«አዎ፣ ፈራሁ» አሉ ሐጂ ገመዱን እየለቀቁ። «ደፋር የነበርኩት ሳላውቅ ነው።»