ወርቅን ላስቲክ ማልበስ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የምትሄደው ሚኒባስ እስክትሞላ ስጠብቅ የኔታ አትናቴዎስን አገኘኋቸው። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ለእህታቸው ልጅ ለእፀገነት በጉሙ ውስጥ ጃንጥላ ይዘውላታል። እናቷ አልጣሽ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ አሁን አዲስ አበባ ሦስተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ያለ ምርቃታቸው አትሳፈርም፤ እሳቸው ደግሞ አልመርቅም ብለዋል። እኔም በሰው ነገር መግባት የማይከብደኝ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝና ጠጋ አልኩ።

«እስቲ ይፍረዱ መምህር፣» አሉኝ። «ወርቅ ላስቲክ እናለብሳለን ትለኛለች። መብራት የገባልን ጊዜ ሽቦውን ላስቲክ ያለበሱት እንዳይነዝረን አልነበረም? ላስቲክ ከልካይ ነው። በከንቱ ሥራ ዕድሜዋ ሲያልቅ ዝም ልበል? እዚሁ ታስተምር።»

እውነቱን ለመናገር እኔንም አሳመኑኝ።

እፀገነት ግን በእርጋታ አስረዳችን። የአንጎል ሴሎች የሚያወጡት የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። የሚያዳምጣቸው፣ ኤሌክትሮድ የሚባለው የወርቅ ነጥብ ከጠጉር ስለሚቀጥን ምልክቱ በቀላሉ አያልፍበትም፤ ይህን እንቅፋት ኢምፒዳንስ ይሉታል። እንቅፋቱ ሲበዛ የሴሉ ድምፅ በጫጫታ ይዋጣል። የእሷ ላስቲክ ደግሞ ፖሊመር የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ዓይነት ነው።

«ቢያስተላልፍስ ከወርቅ ይበልጣል?» አሉ የኔታ።

«አይበልጥም፣ የኔታ። ብልጫው ገጹ ላይ ነው።» በልሙጡ ጃንጥላ ላይ ያረፈው ውሃ ተንሸራትቶ መውረዱን አሳየቻቸው። የበርኖሳቸውን ጫፍ ስትጨምቀው ግን ውሃው ጠብ ጠብ አለ። «ጉሙ ያገኛቸው እኩል ነው። የበጉ ጠጉር ግን በዚያችው ስፋት ብዙ መያዣ አለው። ፖሊመሩም ሻካራና እንደ ስፖንጅ ነው፤ ነጥቧ ሳትሰፋ ገጿ ይበዛል፣ ኢምፒዳንሷም ይወርዳል። ከልክ በላይ ከወፈረ ይላጣል። የኔ ሥራ ልኩን መፈለግ ነው።»

«ተሰምቶስ ምን ይፈይዳል?»

«የሚጥል በሽታ ሲነሣ ሴሎቹ አብረው ይጮኻሉ። ከየት እንደሚጀምር መስማት እፈልጋለሁ። መድኃኒት አገኛለሁ አልልም። እናቴ ምድጃው ላይ ስትወድቅ ግን፣ ይጋባል ብሎ የነካት ሰው አልነበረም።»

የኔታ መሬት መሬቱን አዩ። «እኔም አልነካኋትም፣» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ መረቋት። እኔ የማልቀስ ልማድ የለኝም፤ የዚያን ቀን ግን አለቀስኩ።

የልጅቱ ትምህርት ፍሬ ገና ሩቅ ነው፤ አገራችን ግን ከአሁኑ ተጠቅማለች። በቀጣዩ እሑድ የኔታ ከእፀገነት የሰሙትን ይዘው በደጀ ሰላሙ፦ የወደቀውን ከእሳት አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ወደ ሐኪም አድርሱት፣ አይጋባም ብለው አስተማሩ። ብዙው ሰው አጉረመረመ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የኮከቤ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወደቀች፤ ሕዝቡም እንደ ልማዱ ሸሸ። የኔታ ብቻ ጭቃው ላይ ተቀምጠው፣ በጎኗ አስተኝተው ራሷን በጭናቸው ደግፈው፣ እስክትነቃ ስሟን እየጠሩ ቆዩ።