የእማማ ትርንጎ ሲባጎ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፤ ወይዘሮ ትርንጎ ከእህታቸው ተዝካር ተመልሰው ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከኮምቦልቻ የመጣችው ልጃቸው ውድነሽ ደግሞ እሳቸው በሌሉበት ባጸዳችው ቤት በር ላይ ቆማለች።

ትርንጎ፦ አልገባም አልኩሽ። ሰው የገዛ ቤቱ እቃ ሲጣል አይጠየቅም? ባለ ባጃጁ እንኳ ሰምቷል፤ «እማማ፣ ቤትዎ አዲስ ሆነ አሉ» ይለኛል በመንገድ። ሳታውቅ የቀረች የቤቱ ባለቤት ብቻ።

ውድነሽ፦ ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ ነዋ።

ትርንጎ፦ ምን ልታደርጊኝ?

ውድነሽ፦ ሳታስቢው ላስደስትሽ።

ትርንጎ፦ ሳላስበውስ አገኘኝ። አንድ እግሬን ሳስገባ ያ ጠረጴዛሽ ቅልጥሜን ሊሰብረው ነበር።

ውድነሽ፦ መሀል ቤት የተቀመጠ ጠረጴዛ እኮ ነው፣ እማዬ። ተደብቆ አልጠበቀሽም።

ትርንጎ፦ እዚያ ቦታ ላይ ጠረጴዛ ኖሮ አያውቅም። እግሬ ምን ያድርግ፣ በለመደበት ሄደ።

ውድነሽ፦ በይ ተነሺ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዝሻል። ግቢና እይው። ያ ሁሉ ኮተት ሲወጣ ቤቱ እንዴት እንደሰፋ ብታዪ።

ትርንጎ፦ ኮተት።

ውድነሽ፦ ታዲያ ምን ልበለው? ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ የማይሠራ ቴፕ፣ ጓደኛዋ የጠፋ አንድ እግር ጫማ። በስልክ የምከታተላት አንዲት ሴት አለች፣ ቤት እንዴት እንደሚደራጅ ታስተምራለች። ዓመት ሙሉ ያልተነካ እቃ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም ትላለች።

ትርንጎ፦ እንግዲያው እኔንም ማዳበሪያ ውስጥ ክተቺኝ። ከጥምቀት ወዲህ ማን ነካኝ? ኮምቦልቻ ደግሞ ባሕር ማዶ ይመስል።

ውድነሽ፦ ሱቁን ማን ይጠብቅልኝ፣ እማዬ። አሁንስ ዘግቼው አይደል የመጣሁት? ያቺን ዝገት የበላት የቲማቲም ቆርቆሮ ሳይቀር በጄ አጥቤ ነው…

ትርንጎ፦ ጨው ናት።

ውድነሽ፦ ቆርቆሮ ናት።

ትርንጎ፦ ጨው ናት አልኩሽ። ጎኗ የተጨረመተው ጨው፣ ክቧ የብስኩት ጣሳ ስኳር፣ እጀታ ያላት በርበሬ። እኔ ወጥ የምሠራው በነሱ ነው።

ውድነሽ፦ ለሱማ ብልቃጥ ገዛሁልሽ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። መደርደሪያው ላይ ሲሰለፉ ሆቴል ነው የሚመስለው። ጨው፣ ስኳር፣ ሽሮ፣ በርበሬ ብዬ ጽፌ ለጥፌባቸዋለሁ።

ትርንጎ፦ ለማን?

ውድነሽ፦ እንዴት ለማን?

ትርንጎ፦ ለማን ነው የጻፍሽው? ፊደል ላልቆጠረች እናትሽ? ወይስ በርበሬው ስሙን እንዳይረሳ?

ውድነሽ፦ እሱን… አላሰብኩትም።

ትርንጎ፦ አታስቢማ። አንቺንም ወንድምሽን ታምራትንም ጠላ ጠምቄ አስተማርኩ፤ ሁለታችሁም ማንበብ እንደማልችል ረሳችሁት።

ውድነሽ፦ ይቅር በይኝ። ግን ማንበቡም አያስፈልግም እኮ። ብልቃጡ መስተዋት ነው፣ ውስጡ ከሩቅ ይታያል። ነጩ ጨው፣ ቀዩ በርበሬ።

ትርንጎ፦ ስኳሩስ? እሱም ነጭ ነው።

ውድነሽ፦ ያመጣሁልሽ ቀዩን ነው።

ትርንጎ፦ ቀይ ስኳር አልወድም።

ውድነሽ፦ መቼ ነው ቀይ ስኳር የጠላሽው?

ትርንጎ፦ አሁን። ይልቅ ሲባጎዬ የት አለ?

ውድነሽ፦ የቱ ሲባጎ?

ትርንጎ፦ ከአልጋዬ እስከ ጓሮ በር የተወጠረው።

ውድነሽ፦ ያ ብጫቂ ጨርቅ የተንጠለጠለበት? እሱንማ ነው መጀመሪያ የቆረጥኩት። ልብስ አይሰጣበት፣ መጋረጃ አይያዝበት። ያቺን ጫማ ደግሞ ጭራሽ ጫፉ ላይ ሰቅለሻታል፤ ሰው ቢያይ ምን ይላል?

ትርንጎ፦ የት አደረግሽው?

ውድነሽ፦ ከሌላው ጋር አጥሩ ሥር ነው፣ ማዳበሪያ ውስጥ። ቆራሌው ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል።

ትርንጎ፦ ቆራሌው ያንን ማዳበሪያ በእጁ ቢነካ በዚህ ከዘራ ነው የምለው። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የጠራችውን።

ውድነሽ፦ እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅድም ከባጃጅ ስትወርጂ እዚሁ ቆሜ ነበር። በጎረቤትሽ ስም «ዘነቡ፣ እንደምን አደርሽ» አልሽኝ።

ትርንጎ፦ ዝም ብለሽ ስትቆሚ ዘነቡ መሰልሽኝ። እሷም እንዳንቺ አፏን ከፍታ ነው የምትቆመው።

ውድነሽ፦ ዘነቡ የኔን እጥፍ ናት።

ትርንጎ፦ አንቺም ወፍረሻል።

ውድነሽ፦ ከስቻለሁ። ታምሜ ነበር። ከመናኸሪያ እስከዚህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎኛል። ያላለችኝ እናቴ ብቻ ናት።

ትርንጎ፦ …ምን ነበር ያመመሽ?

ውድነሽ፦ ታይፎይድ ነው፣ ለቆኛል። ወሬውን አታዙሪ። አሁን በእጄ የያዝኩት የቱ ብልቃጥ ነው?

ትርንጎ፦ እኔን ልትፈትኚ ነው?

ውድነሽ፦ የቱ ነው?

ትርንጎ፦ በርበሬው ነዋ።

ውድነሽ፦ እጄ ባዶ ነው፣ እማዬ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ትርንጎ፦ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ዘነቡ ከሰማች ሆጤ በሙሉ ሰማ ማለት ነው።

ውድነሽ፦ ጭራሽ አይታይሽም?

ትርንጎ፦ ጭራሽ አልታወርኩም። በሩ ይታየኛል፤ በሩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር እንደተገተረ ይታየኛል። ፊትሽን ነው ያጣሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁሽ ጥምቀት ላይ ነው፣ ቢጫ ሹራብ ለብሰሽ። ከዚያ ወዲህ ጭጋግ ነው።

ውድነሽ፦ በየሳምንቱ ስደውል «ደህና ነኝ» ትዪኝ አልነበር?

ትርንጎ፦ ደህናማ ነኝ። የማላይ ነኝ እንጂ የታመምኩ ነኝ?

ውድነሽ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ትርንጎ፦ ዝናሽን ታውቂያት የለ፣ የታችኛዋን ጎረቤታችንን? ዓይኗ እንደደከመ ለልጆቿ ነገረች። በሳምንቱ መጥተው ጫኗት። አሁን አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታዳምጣለች አሉ። ውኃ እንኳ ሰው ነው የሚቀዳላት። እዚህ ጎመኗን ራሷ ዘርታ፣ ራሷ ኮትኩታ የምትበላ ሴትዮ። ቤቷን አከራዩት።

ውድነሽ፦ እኛ እንደዚያ የምናደርግሽ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ ወንድምሽ ገና ዓይኔ ደህና ሳለ አይደል «እማዬን እኔ ጋ አምጥተን ቤቱን ብናከራየው» ያለው? ማን ነገረኝ? አንቺ።

ውድነሽ፦ አሁን ግን ለታምራት መንገር አለብኝ። ብቻሽን፣ በዚህ ሁኔታ… ብትወድቂስ? እሳት ቢይዝሽስ?

ትርንጎ፦ እስከ ዛሬ ወድቄ አላውቅም። ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ሲባጎውን እይዛለሁ። መጀመሪያ ቋጠሮ አለ፤ ሳጥኑ ጋ ደረስኩ ማለት ነው። ቀጥሎ ያቺ ብጫቂ ነጠላ፤ ምድጃው። የሳቅሽባት ጫማ ደግሞ የጓሮው በር ናት። እሷን ስነካ ደረጃ አለ ብዬ እግሬን አነሳለሁ። የማይሠራው ቴፕ እጄን የማሳርፍበት ነው፣ ዘፈን የምሰማበት አይደለም። እሠራለሁ፣ አጥባለሁ፣ እበላለሁ። የተጋጨሁት አንቺ ቤቴን ያስተካከልሽልኝ ዕለት ነው።

ውድነሽ፦ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል እኮ። የጎረቤቴን አባት ገፈፉላቸው፤ ዛሬ መርፌ ላይ ክር ራሳቸው ነው የሚያስገቡት። ሐኪም ዘንድ እንሂድ።

ትርንጎ፦ እሄዳለሁ። እንቢ ያለሽ አለ? ብቻዬን እንዳልሄድ ሰፈሩ ያያል፣ ሰፈሩ ካየ ታምራት ይሰማል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አንቺ ትወስጂኛለሽ። ግን ከቤቴ ወጥቼ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው። ዓይኔ በራም አልበራም።

ውድነሽ፦ እሺ። አሁን እጄን ያዢና እንግባ።

ትርንጎ፦ እጅሽን አልፈልግም። ነገ ኮምቦልቻ ትገቢያለሽ፤ እጅሽን ትተሽልኝ አትሄጂ። ይልቅ ዓይንሽን ጨፍኚ።

ውድነሽ፦ ለምን?

ትርንጎ፦ ጨፍኚ። እንዲያውም አላምንሽም፣ ይኸው ነጠላዬን እሰሪበት። ጠበቅ አድርጊው። አሰርሽ? በይ ግቢና ጨው አምጪልኝ።

ውድነሽ፦ አሁን ይሄ ምን ይባላል… እሺ፣ ገባሁ። በስተቀኝ… ወይኔ እግሬን!

ትርንጎ፦ ተደብቆ አልጠበቀሽም።

ውድነሽ፦ መደርደሪያው የት ሄደ?

ትርንጎ፦ ምን አውቄ፣ ያቆምሽው አንቺ።

ውድነሽ፦ ያዝኩት፣ ያዝኩት። ይሄ ብልቃጥ ነው። ይሄም ብልቃጥ ነው። እማዬ፣ ሁሉም እኩል ናቸው።

ትርንጎ፦ ሆቴል ነው የሚመስለው ብለሽኛል።

ውድነሽ፦ ይሄኛው ይመስለኛል። ከበድ ይላል።

ትርንጎ፦ ቅመሺው።

ውድነሽ፦ እህህ… በርበሬ ነው… ውኃ የት ነው ያለው?

ትርንጎ፦ አልጻፍሽበትም እንዴ? በጣትሽ አንብቢው።

ውድነሽ፦ ተቃጠልኩ እኮ። ነጠላውን ልፍታው።

ትርንጎ፦ እኔ የምፈታው ነጠላ የለኝም። ውኃው ከበሩ ኋላ፣ በግራሽ ነው። በርሜሉን ካላነሳሽው።

ውድነሽ፦ አላነሳሁትም። ከብዶኝ ነው የተውኩት። …አገኘሁት።

ትርንጎ፦ አየሽ፣ ያልነካሽውን አገኘሽ።

ውድነሽ፦ እሺ እማዬ። ገባኝ። ምን ላድርግ?

ትርንጎ፦ ቆራሌው ሳይደርስ ማዳበሪያዎቹን አስገቢ። ጠረጴዛሽን ኮምቦልቻ ይዘሽው ሂጂ፤ ሱቅሽ ውስጥ ገበያተኛ ይጋጭበት። ቆርቆሮዋን ቦታዋ መልሺ፣ ሲባጎውን ወጥሪ፣ ጫማዋን ስቀዪ። ታምራት ከጠየቀሽ ቤቱ ጸድቷል ትዪዋለሽ፣ ሌላ ቃል የለም። ነጠላውን ደግሞ እንዳትፈቺ። ጨፍነሽ ትመልሺዋለሽ፣ ጨፍነሽ ከአልጋዬ እስከ ጓሮ ሄደሽ ትመጫለሽ። ሳትጋጪ የመጣሽ ጊዜ ጥሪኝ፤ ያኔ እገባለሁ።