ኤርሲሊያ በመቶ ሃያ አራት

— ሄሎ?... ሄሎ! ማን ልበል?... ጮክ በል እስኪ፣ አልሰማህም... ኧረ ሎሪስ! አንተ ነህ እንዴ! ...ኢዮሌ፣ ማን እንደደወለ ገምቺ... አዎ፣ የእህቴ ልጅ። የመንዳት መምህሩ።

— ደህና ነኝ... ጉልበቴም ደህና ነው... የደም ግፊቴም ልክ ነው... ዳሌዬም እግዜር ይመስገን። ቆይ፣ ቆይ አንተ። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን ደህና ነሽ ወይ ብለህ ደውለህ አታውቅም፤ ዛሬ አካላቴን አንድ በአንድ እየጠራህ ትጠይቀኛለህ። ስለ አረንጓዴው የቅጣት ፖስታ ነው፣ አይደል?

— እንዴት አወቅሽ ይለኛል! ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ያደልኩ ሴትዮ እኮ ነኝ። አረንጓዴ ፖስታ የፈራ ሰው ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ አላጣውም... አዎ፣ መጥቷል። ሳብሪና ነገረችህ? ...ጎሽ፣ ሚስትህ መልእክት አትረሳም። ይኸው ጭኔ ላይ ነው።

— ላንብብልህ?... አያስፈልግም? እኔ ግን ማንበቡ ደስ ይለኛል። ኢዮሌ፣ መነጽሬን ከቦርሳዬ አውጪልኝ... ኧረ እሱን አትንኪ! ...ምንም አይደለም ሎሪስ፣ ኢዮሌ ናት፤ ይቺ ጓደኛዬ እጇ አያርፍም። በል ስማ። «የተሽከርካሪው ባለቤት፣ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ቶሳኒ።» እኔ ነኝ። «ፊያት ፓንዳ፣ የሰኔ የመጀመሪያው እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት፣ የቦዩ ድልድይ አጠገብ፣ ወደ ባሕሩ በሚወስደው አቅጣጫ።» የተፈቀደው ሰባ። የተለካው... ተቀምጠሃል? መቶ ሃያ አራት!

— አልሳቅሁም... እሺ፣ ስቄያለሁ። ማሽኑ ተሳስቶ እንዳይሆን ብለው ስድስት ቀንሰውልሃል፤ ያ ሁሉ ምሕረት ተደርጎልህ መቶ አሥራ ስምንት። ሎሪስ፣ ይቺ ፓንዳ ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ስትኖር ሰማንያን አይታው አታውቅም። ምን አብልተሃት ነው?

— ምን?... «እንደተለመደው»? እንደተለመደው ማለት ምን ማለት ነው? እስኪ በአፍህ በለው... አልሰማሁም... አሃ። «አክስቴ ነበረች የምትነዳው» ብለን እንሙላው። ስድስቱ ነጥብ ከእኔ መንጃ ፈቃድ ይቆረጥ።

— እንዴት እንደሚሠራማ አውቃለሁ፤ አንተ ለተማሪዎችህ የምታስረዳውን አታስረዳኝ። ካሜራው ፊት አያይም፣ ታርጋ ነው የሚያየው። ታርጋው በእኔ ስም ነው፤ ስለዚህ «ማን ነበር የሚነዳው?» ብሎ እኔን ይጠይቃል፣ ስድሳ ቀን ሰጥቶ። ይሄ ካሜራ እኮ ጨዋ ነው፤ ቤተሰብ አይዋሽም ብሎ ያምናል።

— አልተቆጣሁም። እየቆጠርኩ ነው። ልጅህ ማርቲና በፋብሪካው መንገድ ላይ ስትበር — እኔ ነበርኩ። የሳብሪና ወንድም በዚያ ትልቅ መኪናው ትምህርት ቤት በር ላይ — እሱም እኔ ነኝ። አንተ ቦሎኛ መንገድ ላይ፣ ያን ቀንማ እኔ ዳሌዬን ተቀይሬ ሆስፒታል በጀርባዬ ተኝቼ ነበር! እግሬን ሰቅለውት፣ በሰዓት መቶ አርባ! ...ሳቅ፣ ሳቅ። በቀደም ማዘጋጃ ቤት ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ አይታ ደነገጠች። የቆዳ ጃኬት የለበሰች ወጠምሻ ነበር የጠበቀችው፤ እኔ የጎመን ዘንቢሌን ይዤ ገባሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቅጣት ሳልቀጣ ሠላሳ ነጥብ ሞልቶልኝ ነበር። አሁን ስንት እንደቀረኝ ታውቃለህ? አራት።

— «አትነጂም እኮ»?... ድገመው እስኪ። ኢዮሌ፣ ስሚ፣ «አንቺ እንደሆነ አትነጂም» አለኝ!

— ለምን አልነዳም፣ ሎሪስ? ...ንገረኛ። ባለፈው መስከረም ማን ነው ቤቴ መጥቶ «አክስቴ፣ ሰባ ስምንት ዓመትሽ ነው፣ እጅሽ ዘገየ፣ እግርሽ ዘገየ፣ ሰው ትገጪያለሽ» ያለኝ? ማን ነው መኪናዋን ከነቁልፏ ይዞ የሄደ? እኔ እኮ አመንኩህ። መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፣ ያውቃል ብዬ። ሰው ያረጀው ባንተ ሚዛን ሰባ ሲባል ሃምሳ የሚነዳ ነው ለካ።

— አዎ፣ «እሁድ እሁድ እኔ እወስዳችኋለሁ» ብለኸኝ ነበር። አልረሳሁም። ዳንስ ቤቱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ እሁድ አውቶቡስ የለም። ስንት እሁድ ወሰድከን? ...ሁለት? ለአንደኛው ምስክር አምጣ።

— ወደሱ እየመጣሁ ነው። የሰኔ የመጀመሪያው እሁድ ምን ብለህ ደወልክ? ...ረሳኸው። እኔ ልንገርህ። «አክስቴ፣ ፓንዳዋ ጋራዥ ገብታለች፣ ፍሪሲዮኗ ሄዷል።» አላልክም?

— እንግዲያው ስማኝ። እኔና ኢዮሌ የዳንስ ጫማችንን አድርገን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነበር። የደወልከው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከደወልክም በኋላ ምናልባት ይሻሻልለት ይሆናል ብለን እስከ አሥራ አንድ ቆየን። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሁለቴ አልፎ ሁለቴ «ዛሬ አልሄዳችሁም?» አለን። ኢዮሌ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር! ሁልጊዜ አብሯት የሚደንሰው ሴኮንዶ ያን ቀን ማዙርካውን ከሌላ ሴት ጋር ሲደንስ ዋለ አሉ። ...ምን ልበለው ኢዮሌ? ...«ይቅር አልልህም» ትልሃለች።

— አይ፣ የሚጎትት መኪና እየፈለግሁ ነበር አትበለኝ። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ...ወደ ቤትማ አይልኩትም፤ የሰው ትዳር እንዳይፈርስ ፈርተው ነው መሰለኝ። እዚያው ማዘጋጃ ቤት ሄደህ «አሳዩኝ» ካልክ ያሳዩሃል። ከኋላ ነው የሚያነሳው። አየሁት። የእኔ ፓንዳ፣ በመስኮቷ የባሕር ዳር ዣንጥላ አውጥታ፣ በኋለኛው መስታወት ደግሞ አረንጓዴ የመዋኛ ላስቲክ አዞ ጥርሱን አግጦ ያየኛል። ፍሪሲዮኗ የሄደው ለካ ሊዋኝ ነው!

— አትማል። በእናትህ ደግሞ በፍጹም አትማል፤ እህቴ ናት፣ በሰላም ትረፍ። ...ሎሪስ፣ ስስቅ ሰምተህ የቀለለኝ አይምሰልህ። ያን ፎቶ ሳይ ከፍቶኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነጥቡስ ነጥብ ነው። እኔን አሮጊት ናት፣ ብትቀመጥስ ምን ትሆናለች ማለትህ ነው የቆረጠኝ።

— እሺ... እሺ... ተጸጽተሃል። ...ምን? ...መኪናዋን ትመልስልኛለህ? እንዴ! ኢዮሌ፣ ፓንዳዋን ሊመልስልኝ ነው። በምን? ...ወረቀቱ ላይ ከፈረምኩልህ። ብልህ ነህ። ግን መምህር፣ አንዲት የሂሳብ ጥያቄ አለችኝ። አራት ነጥብ አለኝ፤ ስድስት ሲቆረጥ ስንት ይቀራል? ...ምንም። እንደገና ተፈተኚ እባላለሁ፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ። መኪናዋን በቀኝ እጅህ ሰጥተህ መንጃ ፈቃዴን በግራህ ልትወስድ! ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው የደወልከው?

— ያንተንማ አውቃለሁ፤ ያንተም አምስት ነው የቀረው። ስድስት ከተቆረጠ አንተም መፈተንህ ነው። ...አውቃለሁ፣ ተማሪዎችህ ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ወጣቶች ናቸው።

— አይሆንም፣ አልቋል። ጠዋት ሞልቼ በሪኮማንዴ ላክሁት። «በዕለቱ ያሽከረክር የነበረው፦ ሎሪስ።» ከነመንጃ ፈቃድ ቁጥርህ። ...ከየትማ አመጣሁት! የራስህን ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ ጥለህ ሄደህ የለ፣ ኢንሹራንሱን አዞራለሁ ብለህ? ሳታዞረው ቀረህ እንጂ። ...የላክሁበት ደረሰኝ ኢዮሌ ቦርሳ ውስጥ ነው። የፖስታ ሥራ እንኳ አታስተምረኝም።

— ጩህ፣ ጩህ፣ ይውጣልህ። የሌባ ዓይነ ደረቅ አሉ! ...ሎሪስ፣ አሁን የት ነህ? ...የመንዳት ማስተማሪያው ቢሮ ነህ። እኔም አውቄዋለሁ፣ ድምፅህ በሁለት በኩል ይመጣል... ምን ማለቴ ነው? በስልኩም በመስኮቱም ማለቴ ነዋ። መጋረጃውን ግለጥ እስኪ። ...ወደ ግቢው... ዛፉ ሥር።

— አዎ፣ ፓንዳዋ ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ሰላም ብለናል። ...በቅዳሜው አውቶቡስ መጣን። ሁለተኛውን ቁልፍ እኮ አልጠየቅኸኝም፤ አሮጊት ቁልፍ ታስቀምጣለች ብለህ አላሰብክም። ...አዞው አሁንም ኋላ ወንበር ላይ ነው። ከፈለግኸው ውሰደው፣ ነገ ለዳንስ አንወስደውም። ተማሪዎችህ ወጥተው እያዩን ነው፣ አንዷ እያጨበጨበች ነው መሰለኝ።

— ፖሊስ? ጥራ! ካሜራውም የእነሱ ነው፤ ታርጋዋን አይተው ማንን እንደሚጠይቁ ያውቁታል። ...ያንተ መኪና? ያንተ? ገና አሁን አላነበብኩልህም? «የተሽከርካሪው ባለቤት፣ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ቶሳኒ።» ዓመት ሙሉ የማን እንደሆነች ያልረሳው ያ ካሜራ ብቻ ነው።

— አትሩጥ፣ ደረጃው ላይ ትወድቃለህ... ሎሪስ፣ ልዘጋ ነው። ሞተር ላስነሳ ነው፤ መሪ ይዞ ስልክ ማውራት ነጥብ ያስቆርጣል፣ እኔ ደግሞ የቀረችኝ አራት ናት። ...ኢዮሌ፣ ቀበቶሽን!